ስም አይጠየቅም

«ቁጭ በይ» አሏት አቶ ተስፋማርያም።

ወይኒ አልተቀመጠችም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት ከቆመችበት ሆና አወቀችው። ባለፈው ሐሙስ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ፣ በመሥሪያ ቤቱ የጥቆማ ገጽ ላይ የጻፈችው ነው፤ አንድ ቃል ሳይቀር አትመውታል።

ገጹ ሲከፈት ከላይ በቀይ «ስም አይጠየቅም» ይላል። ወይኒ ግን በዚያ ብቻ አልተማመነችም። የኮምፒውተርን አድራሻ የሚደብቀውን ቪፒኤን ከፍታ፣ መሥራቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጣ ነበር የጻፈችው። የጻፈችው ደግሞ ስለ ሥራ አስኪያጁ ስለ አቶ ተስፋማርያም ራሳቸው ነው፤ በኮንትራት የምትሠራን አንዲት ልጅ «ኮንትራትሽ የሚታደሰው አብረን እራት ከበላን በኋላ ነው» ብለዋታል። ልጅቷ ልደት ናት። ኡራኤል ታክሲ ተራ ቆማ እያለቀሰች ነበር ለወይኒ የነገረቻት። ወይኒ ግን የልደትን ስም የትም አልጻፈችም።

የኮምፒውተር ባለሙያው ታዲዎስ ላፕቶፑን እንደታቀፈ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«አስረዳት» አሉት።

«ማለቴ... ቪፒኤኑ ሠርቷል» አለ ምንጣፉን እያየ። «ጽሑፉ ከሆላንድ እንደመጣ ነው የሚያሳየው። ግን ብሮውዘሩ ለቪዲዮ ጥሪ የሚጠቀምበት ሌላ መንገድ አለ። አንድ ገጽ በዚያ በኩል ከጠየቀው የማሽኑን የውስጥ አይፒ አድራሻ ይናገራል፤ ቪፒኤን አያግደውም። እዚህ ቢሮ ደግሞ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ቁጥር አለው። የመጣው አርባ አንድ ነው።»

አርባ አንድ የእሷ ነው።

«አዳዲሶቹ ብሮውዘሮች ይደብቁታል። የእኛዎቹ ስላልታደሱ...»

«እንድታድስልኝ ሦስት ጊዜ ለምኜሃለሁ» አለች ወይኒ።

«አዎ።»

«ያን መንገድ መዝጋት ይቻል ነበር?»

«ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ነው። አንድ ደቂቃ። በቃ።»

አንድ ደቂቃ! ወይኒ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። በራሷ ተናደደች፤ ባለማወቋ፣ በመቸኮሏ። ከዚያ ግን ታዲዎስ ከተናገረው አንዱ ቃል ያዛት።

«ቆይ። ገጹ ከጠየቀው ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ካልጠየቀው አይናገርም ማለት ነው። የጥቆማ ገጹን የሠራኸው አንተ ነህ። እንዲጠይቅ ያዘዘህ ማን ነው?»

ታዲዎስ አቶ ተስፋማርያምን ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ፊቱ ቀላ።

«ስም አይጠየቅም ብላችሁ ጽፋችሁ!» ጮኸች ወይኒ። «ሰው ችግሩን አምኖ እንዲነግራችሁ ጋብዛችሁ፣ ከሥር ወጥመድ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሉ አቶ ተስፋማርያም ረጋ ብለው። «ዘጠኝ ዓመት አብረሽን ሠርተሻል፤ ልጎዳሽ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከሦስቱ ልጆች የነገረችሽ የትኛዋ ናት? ከዚያ ይህን ወረቀት እዚሁ እቀደዋለሁ።»

 ታዲዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ከሦስቱ?» አለች ወይኒ። «እኔ የጻፍኩት ስለ አንዲት ልጅ ነው። በኮንትራት ያሉት ደግሞ አምስት ናቸው። ለሦስቱም ነው እንዲህ ያሉት?»

አቶ ተስፋማርያም ዓይናቸውን ወደ ወረቀቱ መለሱ። ወይኒ ከፊታቸው እስክሪብቶውን አነሣች። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጻፈች፤ ተጭና ስለጻፈች ወረቀቱ ተቀደደ። «ስም ከፈለጉ ይኸው፤ የእኔ ነው። ሌላ ስም ከእኔ አያገኙም።» ወረቀቱን ይዛ በሩን ብርግድ አደረገችው።

«ስሙኝ!» አለች፤ ከውጭ ባለው ሰፊ ክፍል ያሉት አሥራ አንድ ሠራተኞች ሁሉ ከየጠረጴዛቸው ቀና አሉ። «የጥቆማ ገጹ ማን እንደጻፈ ይናገራል። ብሮውዘራችሁ ነው የሚያጋልጣችሁ። እንዴት እንደሚዘጋ ታዲዎስ አሁን ያሳያችኋል።»

«ታዲዎስ!» አሉ አቶ ተስፋማርያም ከውስጥ።

ታዲዎስ ላፕቶፑን በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ፤ መጀመሪያ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀምጦም ማውሱን ያዘ። አንድ ሰው ከኋላው መጥቶ ቆመ። ከዚያ ሌላ። ወዲያው ከበቡት።

ወይኒ ዞር ስትል አቶ ተስፋማርያም በራፉ ላይ ቆመዋል። ታዲዎስን አያዩም፤ የተሰበሰበውንም ሰው አያዩም። የሚያዩት የወይኒን ዓይን ነው፤ ከሦስቱ ልጆች ወደየትኛዋ እንደሚሄድ።

ልደት በስተግራ በኩል ናት። ወይኒ የልጅቷ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ይሰማታል። አንገቷን አደነደነች፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች። ከታች ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል የሚሄዱት ሚኒባሶች ተቆላልፈው ክላክስ ያስጮኻሉ። አንድ በአንድ ትቆጥራቸው ጀመር።