ኮቴ የሌለው ቅዝቃዜ

«በይ አብሪው!» አላት ኤውሴቢዮ ሚስቱን ከሳሎን እየጮኸ። በዚህ ቤት ሳይጮኹ መነጋገር ከቀረ ዓመታት አልፈዋል።

ኔልዳ ግድግዳው ላይ የተገጠመውን አዲሱን የኤሲ ማብሪያ ነካ አደረገችው። ምንም አልተሰማም። «ተበላን» አለች በሆዷ። ሠራተኞቹ ሳምንቱን ሙሉ ኮርኒሱን ሲቦረቡሩ የከረሙት ለዚህ ነው?

በፍሎሪዳዋ ሃያሊያ ከተማ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ አይለቅም። መስኮቶቹ ላይ ተሰክተው የነበሩት አሮጌ የኤሲ ሳጥኖችም እስከ ትናንት ድረስ ቀን ከሌት እንደ ወፍጮ ቤት ሲያጓሩ ኖረዋል። ኔልዳ ደወል አትሰማም፣ ስልክ አትሰማም። ባለፈው ጥቁር ባቄላዋ ድስት ውስጥ ሲያርር፣ ጎረቤት በሩን ደብድቦ ደብድቦ ሲያቅተው በጓሮ ዞሮ ገብቶ ነው ምድጃውን ያጠፋላት። ይኼን የሰማች ልጇ ማሪትሳ ከታምፓ ከንፋ መጣች። «እማዬ፣ ጆሮሽ ሄዷል። ቤቱ ይሸጥና እኔ ጋ ትኖራላችሁ» ብላ ቆረጠች። ኔልዳ በገዛ እጇ የተከለችውን ማንጎ ትታ የትም መሄድ አትፈልግም፤ ግን ደንቆሮ ምን ብሎ ይከራከራል? እርጅና ነው ብላ ተቀበለችው።

የአዲሱን ኤሲ ሐሳብ ያመጣችው የቤት ደላላዋ ያሚሌ ናት። «ከመሸጣችሁ በፊት ቤቱን በሙሉ የሚያቀዘቅዝ አስገቡበት» አለች።

«ወጪውን ይመልሳል?» ብሎ ጠየቃት ኤውሴቢዮ።

«ሙሉውን ላይመልስ ይችላል፣ ጋሼ። ግን ገዢ መስኮት ላይ ሳጥን ተንጠልጥሎ ካየ፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ዋጋ ይቀንሳል።»

ቅዝቃዜው መጣ። ከየት እንደመጣ ሳታውቀው አንገቷ ላይ አረፈ። መኝታ ቤት ገባች፤ ቀዝቅዟል። ኩሽና ገባች፤ ኩሽናው እንኳን፣ ያ እሳት የነበረው ኩሽና ቀዝቅዟል። ወይ የእግዜር ሥራ። እጇን ወደ ኮርኒሱ ፍርግርግ ዘረጋች፤ ነፋሱ ኮቴ የለውም።

ከዚያ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ቧንቧው ጠብ ይላል። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል፤ ይኼ ሰዓት ድምፅ አለው እንዴ? ደጅ ያሚሌ የ«ይሸጣል» ሰሌዳውን እግር በመዶሻ መሬት ውስጥ ስትተክል ይሰማታል። ኔልዳ ሁለት ጆሮዎቿን በእጇ ዳበሰቻቸው። ለካ ደህና ነበሩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ኤውሴቢዮ የተላጠ ማንጎ በሳህን ይዞ ከኋላዋ አለፈ። በብፌው መስታወት ውስጥ ከንፈሩ እንደ ልማዱ ሲንቀሳቀስ አየችው። ይኼን ልማዱን አሳምራ ታውቀዋለች። በኋላዋ ባለፈ ቁጥር ያጉተመትማል፤ እሷም እየሰደበኝ ነው ብላ ስንት ዓመት ቂም ይዛበታለች። ሲብስባት ሾርባው ላይ ጨው ጨምራ ትበቀለዋለች።

«እመቤቴ፣ እኔን አስቀድመሽ ውሰጂኝ» ብሎ ጸለየ ኤውሴቢዮ በሹክሹክታ። «ያለሷ አንድ ሌሊት አታሳድሪኝ።»

ይኼን ነው እንግዲህ ሲል የኖረው። ያን ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ። ስለ ጨው አፈረች፤ ደስታውም አስፈራት።

ዞር ሳትል፣ እሷም በሹክሹክታ፣ «እኔንስ ለማን ትተኸኝ?» አለችው።

ሳህኑ እጁ ላይ ቀረ።

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁህ፣ አንተ ሽማግሌ።»

ኤውሴቢዮ ኮርኒሱን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ኮርኒሱን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማንጎውን ፊቷ አስቀመጠና ወደ ደጅ ወጣ። ኔልዳ ከወንበሯ ሳትነሳ የጫማውን ድምፅ በጆሮዋ ተከተለችው፤ በረንዳውን አለፈ፣ ደረጃውን ወረደ፣ ሣሩ ላይ ደረሰ። ከዚያ የያሚሌ መዶሻ ሲያቆም ሰማች።