ሁለተኛው ባትሪ

ጎረቤቷ ዘርይሁን ሚኒባሱ ላይ ለሙዚቃ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ካስገጠመ ወዲህ የናሁሰናይ እናት ሰላም አጣች። ድሮ ሞተሩን ሲያጠፋ ዘፈኑም ያበቃ ነበር። አሁን ግን መኪናውን ደጃፏ ላይ አቁሞ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ያስጮኸዋል። ትንሹ ልጇ ናሁሰናይ ትኩሳት ይዞት እየባነነ ሲያስቸግራት ሄዳ ለመነችው።

«እባክህ ቀንስልኝ፤ ልጄ ታሞብኛል።»

«እታለም፣ ይልቅ አምጪውና እስክስታ ይውረድ! ላብ ሲወጣው ይሻለዋል» ብሎ ተሳለቀባት። የሰፈሩ ጎረምሶችም አብረውት ሳቁ።

ቂሟን ቋጥራ ገባች።

ቅዳሜ ዘርይሁን ምሳ ሊበላ ቤቱ ሲገባ፣ ቢላዋ ይዛ ወጣች። በተከፈተው የመኪና በር ገብታ፣ ከሁለተኛው ባትሪ የሚነሳውን ወፍራም ቀይ ገመድ ከወዲህም ከወዲያም ቆረጠችና ቁራጩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«በል አሁን ዝፈን!» አለች በሆዷ።

ስትመለስ ክፍት ትታው የወጣችው የቤቷ በር እንደተከፈተ ነው። አልጋው ላይ ግን ናሁሰናይ የለም። ከበሩ ወዲያ የቅዳሜ ገበያ ይተራመሳል።

ኡኡታዋን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው ዘርይሁን ነበር፤ የጎረሰውን እንኳ አልዋጠም።

«አይዞሽ እታለም! በመኪናው ማይክ ገበያውን እየዞርን እንጠራዋለን። የእናቱን ድምፅ ከሰማ ይመጣል። ይሄን ባትሪ እግዜር ያስገጠመኝ ለዛሬ ነው!»

ማይኩን አንስቶ ነፋበት። ዝም አለ። መታ መታ አድርጎ ደግሞ ነፋበት። አሁንም ዝም።

እናትየው የነጠላዋን ጫፍ መፍታት ጀመረች።