የማዶው ተሰጥዎ

ከተማዋ ከተከበበች ሰባት ወሯ ነው። ዲያቆን የነበረው ወታደር እሑድ ማለዳ ከምሽጉ ሆኖ የቅዳሴውን ጥሪ፣ «ተንሥኡ ለጸሎት!» ይላል። ከማዶ፣ ከከበቧቸው ሰዎች ምሽግ፣ መልኩን አይቶት የማያውቅ ሰው «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብሎ ይቀበለዋል። ሳምንቱን የሚገፋው በዚያች መልስ ነበር።

ዛሬ ግን ሻምበሉ አጠገቡ መጥቶ ተንበረከከ።

«አንተ ዲያቆን፣ ጮክ በል። ሲመልስልህ መድፈኞቻችን ድምፁን ተከትለው ይለቁበታል።»

«ጓድ ሻምበል፣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል።»

«ክፈተዋ! ወይስ እኔ ልክፈትልህ?» ሽጉጡን ነካ አደረገ።

ዲያቆኑ ጥርሱን ነከሰ። ቢገድሉትም ያን ሰው ላይጠራው ቆረጠ።

ያን ጊዜ ከማዶ፣ ሰባት ወር ሙሉ ከመመለስ በቀር ጠርቶ የማያውቀው ድምፅ፣ እየተንቀጠቀጠ ቀድሞ ጠራ።

«ተንሥኡ ለጸሎት!»

ዲያቆኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ጥሪ ሰምቶ ዝም ብሎ አያውቅም። አፉ ከልቡ ቀደመ።

«እግዚኦ ተሣሃለነ!»

ሻምበሉ ለመድፈኞቹ እጁን ሳያነሣ፣ ከማዶ ልቅሶ የተቀላቀለበት ጩኸት መጣ።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ! አስገድደውኝ ነው!»

ጩኸቱን ተከትሎ ከዚያው ከማዶ የመድፍ ፉጨት መጣ።