ኮከብ ወይስ መስመር

ከዲጃ ድንጋዩን ከሲራራ ነጋዴው ተቀብላ አገላበጠችው። ምጽዋ ያለው ባሏ የላከላት፣ ባሕር ውስጥ እንደ ተክል የሚበቅለው ነጭ ድንጋይ ነበር። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩምና ሲለያዩ የተማማሉት በዚሁ ነው፤ ኮከብ ኮከብ ያለበት ከመጣ «ነይ»፣ እንደ አንጎል የተጠማዘዘ መስመር ያለበት ከመጣ «አትጠብቂኝ» ማለት ነው። ይኸኛው ግን ሁለት ወር ከብረት ዕቃ ጋር በበቅሎ ጀርባ ሲፋተግ ከርሞ ላዩ ልሙጥ ሆኗል።

«እትዬ ከዲጃ፣ ድንጋይ ከአራዳ ጠፍቶ ነው በቅሎዬ በዚህ የተገጠበችው?» አለ ነጋዴው።

ከዲጃ ድንጋዩን በጣቷ ዳበሰችው፤ በምራቋ አርሳ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ምንም የለም። ሌላ እስኪልክ ደግሞ ክረምቱ መንገድ ይዘጋል። ብድግ ብላ ዘነዘናዋን አመጣች።

«ኧረ እትዬ፣ ስንት አገር ተሸክሜው ልትሰብሪው ነው?»

«ከሥር ጀምሮ ያደገበት መልክ ነው፤ ላዩ ቢፋቅ ሆዱ አይፋቅም» አለችና ጥርሷን ነክሳ መታችው። ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ። የተሰበረውን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ አጎንብሳ አየችው፤ ከዳር እስከ ዳር ኮከብ ብቻ ነበር።

ሁለቱን ስባሪ በመቀነቷ ቋጥራ ቀና አለች።

«በቅሎህ ቁስሏ ሽሮ ወደ ምጽዋ የምትመለሱት መቼ ነው?»