ሰባተኛው ቤት

በዚያ ዘመን ለመዝገብ የተነገረ ቃል ከተናጋሪው ልቡና ፈጽሞ ይወጣ ነበር። ወለላ ይህን እያወቀች ነው የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን ይዛ ከጋሽ ይርዳው ደጅ የደረሰችው። እርሳቸው ተጫጭተው ለሚመጡ ሁሉ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድናቸውን የሚለዩ ሽማግሌ ናቸው።

የራሳቸውን ዘር ከምንጅላታቸው ጀምረው ወደ ታች ስድስት ቤት በወለላ የድምፅ መቅረጫ አስመዘገቡ። የቀረው የልጆቻቸው ቤት ነበር። ወለላ ተነሣች፤ መልሳ ተቀመጠች። ስድስት ቤት ብቻ ይዛ ብትሄድ መምህሯ ጥናቱን እንደማይቀበላት ታውቃለች።

«ጋሽ ይርዳው፣ ይኼኛው ይቅር ይሆን?»

«ምን ይቅር ትያለሽ? ጎደሎ ቆጠራ እኮ ወንድምን ከእኅቱ ያጋባል! ደግሞ የሚሄደው ስም ነው፤ ልጅ የት ይሄዳል?»

ልጃቸው ጥሩወርቅ የእጅ ውኃ ይዛ ገባች። «አባባ፣ የእኔን ስም ስታስገባ መልከ መልካም በልበት።»

«አፈ ጮሌ ብዬ ነው የማስገባሽ!»

ወለላ መቅረጫውን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች፤ ነገር ግን ሳትነካው መለሰችው። ሽማግሌው የሦስት ልጆቻቸውን ስም በየተራ ጠሩ፤ የመጨረሻዋ ጥሩወርቅ ነበረች። ከዚያም እጃቸውን ለመታጠብ ዘርግተው ቀና አሉ።

«እግዜር ያክብርሽ፣ የኔ ልጅ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

ጥሩወርቅ ቀልዳቸው መስሏት ሳቀች። «የጎረቤት ነኛ!»

«እንግዲያ አባትሽ የታደለ ነው» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ ከልባቸው።