ገበሬዎቹ የሰጧት ነጥብ
የማሳያ ማሳውን ሽንኩርት ውሃ እያጠጣች ሳለ ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ገበሬዎቹ ወደተሰበሰቡበት የቀበሌ አዳራሽ ለምዘና ጠራት። በአዲሱ አሠራር የግብርና ባለሙያን የሚመዝነው ራሱ ገበሬው ነው፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ደግሞ አድጎ ወደ ዞን ከተማ ይዛወራል። ልጇ እዚያ እህቷ ዘንድ ናት፤ አክስቷን «እማዬ» ማለት ጀምራለች።

መጀመሪያ የተነሡት፣ አምና ስንዴያቸውን ከዋግ ያዳነችላቸው አቶ መንበሩ ናቸው።

«ይቺ? ስንዴና ገብስ አትለይም!»

ሰዉ አውካካ።

«በዓል ካልሆነ ደጃችን አትደርስም» አሉ እትዬ እናና። «የዶሮ ወጥ ሲሸታት ነው የምትመጣው!»

«እትዬ፣ ትናንት እርስዎ ጓሮ አልነበርኩም?»

«ዝም በይ፣ ዓይን አውጣ!»

ኃላፊው «ዝቅተኛ ይሰጣት የምትሉ እጅ አውጡ» አለ። ያልተነሣ እጅ አልነበረም። ራሱን እየነቀነቀ መዘገበና በሞተር ብስክሌቱ ሄደ።

የሞተሩ ድምፅ ሲርቅ እትዬ እናና በነጠላቸው ጫፍ ዕንባዋን ሊጠርጉላት ቀረቡ። እጃቸውን ገፋችው።

«ምን በደልኳችሁ?»

«ምንም፣ የኔ ልጅ። ካንቺ በፊት የነበረውን ጎበዝ ልጅ ብናመሰግነው ዞን ወሰደብን። አንቺንስ አንሰጥም!»

«እስቲ አሁን ማን ይወስድሻል!» አሉ አቶ መንበሩ፣ ደስ ብሏቸው።

ስልኳን አውጥታ ለእህቷ ጻፈች፦ «ዘንድሮም አልመጣም። ትምህርት ቤት አንቺው አስመዝግቢያት።» መልእክቱ መሄዱን አየችና ስልኩን ኪሷ ከተተችው።