ስምንተኛው ክዳን

ትኩስ ማርማላታ በጠርሙስ ሞልተን ከከደንን በኋላ፣ እኔና ታላቅ እህቴ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን እናዳምጣለን። ሲቀዘቅዝ የቆርቆሮ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይሳብና «ጧ!» ይላል። ጧ ያላለው ይበላሻል፤ እናታችን ያስተማረችን እንዲህ ነው።

ዛሬ ሰባት ሞላን። ለተረፈው ማርማላታ ጠርሙስ አጠረን።

«ያንን ባዶውን አምጪው እንጂ» አለች እህቴ።

«እሱ አይነካም አልኩሽ!»

እናታችን ባረፈች ቀን፣ የክፍሏ አየር እንዳያመልጠኝ ብዬ አልጋዋ አጠገብ የከደንኩት ጠርሙስ ነው። እህቴ «አየር ቋጣሪ» እያለች እስካሁን ትስቅብኛለች።

ሰባቱም አንድ በአንድ ጧ አሉ። እህቴ ድስቱን ልታጥብ ተነሳች።

ጧ!

«ስንት ቆጠርሽ?» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ስምንት።»

ድምፁ የመጣው ከቁም ሳጥኑ ነው። ከፈትኩት። የባዶው ጠርሙስ ክዳን ወደ ውስጥ ተስቧል። ስነካው ይሞቃል።

«ፀሐይ መትቶት ይሆናል» አለች እህቴ።

ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ!

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። መስታወቱ ከውስጥ በኩል በእንፋሎት ደበዘዘ። ቀስ ብሎ ጠራ። እንደገና ደበዘዘ።